ዱላውን ሰጥታኝ ያልቆመችው ሴት

ደብረ ብርሃን ላይ በአራት በአራት ሰው የዱላ ቅብብል ሩጫ አለ ሲባል፣ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ተመዘገብን። በዚያ በጠዋቱ ብርድ ሜዳው ላይ ስንጠባበቅ አራተኛዋ አሞኛል ብላ ቀረች። ተስፋ ቆርጠን ልንመለስ ስንል፣ ሩጫውን ልታይ መጥታ አጠገባችን የቆመች ሴት "እኔ ልግባላችሁ?" አለችን። አለሚቱ ትባላለች፤ ከወለጋ ተፈናቅላ መጠለያ ውስጥ ነው የምትኖረው።

"ሮጠሽ ታውቂያለሽ?" አልኳት።

"እዚህ በምን የደረስኩ መሰለሽ?" ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ሦስተኛዋ ሯጭ ሆና ሮጠች። ስንቱን አልፋ መጥታ ዱላውን አቀበለችኝ። የመጨረሻዋ እኔ ነኝ። ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ልቆም ስል ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ዞር ብል አለሚቱ ናት!

"ተራሽ እኮ አብቅቷል!" አልኳት እያለከለክሁ።

"ታዲያ ብቻሽን ልተውሽ? አይዞሽ፣ ደረስን!"

ጎን ለጎን ሆነን ገባን። ዳኛው "በአንድ ዱላ ሁለት ሰው አይሮጥም" ብለው ሊሰርዙን ሲሉ፣ አለሚቱ "ብትወድቅስ ማን ያነሳት ነበር?" አለቻቸው። ፈገግ አሉ፤ ግን ሰረዙን። እኔ እንደሆንኩ አንገቷን አቅፌ ስስቅ ቆይቼ፣ መሸነፋችን ትዝ ያለኝ ቤቴ ስገባ ነው።