ሁለቱ ሕንፃዎችና የወይዘሮ ኔሪዳ ዳሌ

በሜልበርን ከተማ፣ በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ባለው ሻይ ቤት፣ ፕሮፌሰር ዩዋርት ፓስኮ በሊጥ የተሸፈነ የቀዘቀዘ የሥጋ ፓይ ፊታቸው አስቀምጠው ተክዘው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ስለ ባክቴሪያ ያስተማሩ፣ ተማሪ የሚፈራቸው ሰው ናቸው። ሐኪም ቤት ግን ማዕረግ አያውቅምና እሳቸውም እንደ ማንኛውም አስታማሚ ግራ ገብቷቸው ተቀምጠዋል።

ፎቅ ላይ ባለቤታቸው ወይዘሮ ኔሪዳ ተኝተዋል። የተተከለላቸው ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ አመርቅዞ ወጣ፤ በሌላ ተተካ፤ ሌላውም አመረቀዘ። እኚህ ሴት በክረምት ብርድ ሳይቀር በማለዳ ባሕር ገብተው ከባልንጀሮቻቸው ጋር የሚዋኙ፣ ሳቃቸው ከባሕሩ ዳር እስከ መንገዱ የሚሰማ ነበሩ። አሁን የቀረቻቸው ተስፋ አንዲት ናት። በባላቸው ዩኒቨርሲቲ የተሠራው፣ ባክቴሪያ የሚገድል ረቂቅ እሾህ ያለው አዲስ መገጣጠሚያ በሰው ላይ ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ አንዷ እሳቸው እንዲሆኑ ስማቸው ተይዟል። እሱ ካልሆነ ሐኪሞቹ የተበላሸውን አውጥተው ዳሌያቸውን ባዶውን ይተዉታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ተሽከርካሪ ወንበር ነው።

ፕሮፌሰሩ ቀና ሲሉ ሌሲኤሊ ታውፋን አዩ። ሌሲኤሊ የቶንጋ ደሴቶች ልጅ ናት፤ በዚያው ዩኒቨርሲቲ በብረታ ብረቱ ሕንፃ ታስተምራለች። በሁለቱ መካከል ቅሬታ አለ። ሥነ ሕይወትንና ናኖ የሚሉትን የረቂቅ ቁስ ጥበብ አንድ ላይ እናስተምር ብላ ያቀረበችውን ሐሳብ ዓምና በስብሰባ የጣሉባት እሳቸው ናቸው። ሰሞኑን ሐሳቡ እንደገና ይቀርባል፤ እሳቸውም እንደገና ሊጥሉት ቆርጠዋል።

«ደህና ዋሉ ፕሮፌሰር? እዚህ አገኝዎታለሁ ብዬ አላሰብኩም።»

«ደህና ነኝ እንበል። ተቀመጪ። ፓይ ትበያለሽ? እኔ ከበላሁት ያፈጠጥኩበት ይበልጣል።»

ተቀመጠች። ለታላቅ ሰው ክፉ ወሬ በጥድፊያ መንገር አስተዳደጓ አይፈቅድላትም።

«ወይዘሮ ኔሪዳ እንዴት ሆኑ?»

«አዲሱን ዳሌ እየጠበቀች ነው። ‹እሾሃማው ዳሌዬ› ትለዋለች። ገና ሳይተከልላት ለዋና ጓደኞቿ አውርታ ጨርሳለች።»

«ፕሮፌሰር፣ ለቀዶ ሐኪሙ መልእክት ይዤ ነው የመጣሁት። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል። ሙከራው ቆሟል። የተከልንላቸው በጎች እግራቸው አመረቀዘ።»

ፕሮፌሰሩ ሳህኑን ገፋ አደረጉት። ፊታቸው ተቆጣ። አዋቂ ሰው ሲደነግጥ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ማዘኑን ትቶ ጥፋተኛ ይፈልጋል።

«ብረታችሁ ተበላሽቶ ይሆናል። በእኔ ቤተ ሙከራ ባክቴሪያው ብረቱ ላይ አንድ ሳይቀር አልቋል። ፈርሜበታለሁ።»

«እውነትዎን ነው፣ አልቋል። ግን በምን ውስጥ ነበር የሞከራችሁት?»

«በጨው ውሃ ነዋ። ሰዎቻችሁ ‹ይገድላል ወይ?› ብለው ጠየቁ፤ ይገድላል አልን።»

«በደም ውስጥስ?»

«ስለ ደም ማን ጠየቀን?»

አንባቢ ሆይ፣ ሰው የሚጎዳበትን ሰበብ ስትፈልግ ሁልጊዜ ክፉ ሰው አትፈልግ። የተጠየቀውን ብቻ የሚመልስ ደግ ሰው ይበቃል።

ሌሲኤሊ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እርስዎ የስንዴ አገር ልጅ ነዎት ሲሉ እሰማለሁ» አለች። «ስንዴው ከታጨደ በኋላ ማሳውን በባዶ እግርዎ ተራምደውበት ያውቃሉ?»

«አንድ ቀን። የሚደግመው ጅል ነው። ቀሪው አገዳ እንደ ምስማር ነው።»

«በበጋ ዛፍ ላይ የሚጮኸው ሲካዳ የሚባል በራሪ ነፍሳት ክንፉ ላይ እንደዚያ ያለ አገዳ አለው፤ ከማነሱ የተነሣ በተራ ማጉያ መነጽር እንኳ አይታይም። ባክቴሪያ ካረፈበት ገላው ተቀድዶ ይሞታል። እኛም ብረቱን እንደዚያ አድርገን ሠራነው። አሁን በዚያ ማሳ ላይ ጎርፍ ይምጣ።»

«ጭቃው አገዳውን ይሸፍነዋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሕፃንም ይሄድበታል።» ነገሩ ለፕሮፌሰሩ አሁን በራላቸው። «የደሙ ፕሮቲን» አሉ ቀስ ብለው። «ባዕድ ነገር ደም ውስጥ ሲገባ ፕሮቲን ወዲያው እንደሚለብሰው እኮ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ አስተምራለሁ። እሾሃችሁ ይህን ያህል አጭር መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።»

«እኛ ደግሞ የእሾሁን ቁመት እናውቃለን፤ ስለ ፕሮቲኑ አናውቅም ነበር። በሁለታችን ሕንፃ መካከል ያለው አንድ የሣር ሜዳ ነው፣ ፕሮፌሰር። ተሻግሮ የጠየቀ ግን የለም።»

ልማድ ግን በአንድ ድንጋጤ አይለቅምና ፕሮፌሰሩ እንደገና ተሟገቱ።

«ወዴት እንደምትመጪ ገብቶኛል። ዓምና የነገርኩሽን ዛሬም እነግርሻለሁ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ከሁለቱም ቆንጠር ያደረገ ልጅ ግማሽ ሐኪም፣ ግማሽ ቀጥቃጭ ሆኖ ይቀራል። እኔ ባክቴሪያን ለማወቅ ዕድሜዬ አልበቃኝም።»

«እኔም ሁለቱም ላይ ይውጣ አላልኩም። አንዱን እስከ ጫፉ ይውጣ፤ ግን የሌላውን ዛፍ ፍሬ በስሙ ይጥራ። ብረቱን በገዛ እጁ ይሥራ፣ በገዛ እጁ ደም ውስጥ ይንከር፣ ባክቴሪያውን ያሳርፍበትና ምን እንደሆነ በዓይኑ ይይ። እንዲህ ያለ አንድ ተማሪ ቢኖረን ኖሮ ገና መጀመሪያ ላይ ‹ደሙስ?› ይለን ነበር።»

«ጊዜው ከየት ይመጣል?»

«የጠፋውስ ጊዜ? የበጎቹስ ነገር? ፎቅ ላይ ያሉትስ ሴት? ይኼን በክፋት አልልዎትም።»

«በክፋት ብትዪውም አልቀየምሽም» አሉና ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «ትምህርቱ ነገ ቢጀመር የኔሪዳን ዳሌ ያመጣልኛል?»

«አያመጣም» አለች ሌሲኤሊ። ልትዋሽላቸው አልፈለገችም። «እሾሁን አርዝመንም ሆነ ፕሮቲን የማይዝ አድርገን እንደገና እስክንሠራው ዓመታት ይፈጃል። ለሳቸው አይደርስም።»

ፕሮፌሰሩ ተነሥተው ደረጃውን ወጡ። ወይዘሮ ኔሪዳ ገና ፊታቸውን ሲያዩ ወሬውን አወቁት።

«እሾሃማው ዳሌዬ ቀረ በለኛ።»

«ቀረ፣ ውዴ።»

«ማን አበላሸው?»

ፕሮፌሰሩ ሊሸሹት ይችሉ ነበር፤ ሁሉንም ሳይደብቁ ነገሯቸው። ስለ ጨው ውሃው፣ ስለ ፊርማቸው፣ ስለ ሣሩ ሜዳ፣ ዓምና ስለጣሉት ሐሳብም።

ወይዘሮ ኔሪዳ ሲሰሙ ቆዩና «ለካ አንተ ከሕንፃህ አልወጣ ብለህ ነው» አሉ፣ «እኔ ከቤት የማልወጣ የሆንኩት።» ከዚያም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ፕሮፌሰሩ ያን ቀን እስኪመሽ አጠገባቸው ተቀመጡ።

ሐኪሞቹ የተበላሸውን መገጣጠሚያ አወጡ፤ ቦታውንም ባዶ ተዉት። በዚያው ሳምንት ስብሰባው ተደረገ። ፕሮፌሰሩ ተነሥተው የራሳቸውን ጥፋት በራሳቸው አፍ ተናገሩና ለሌሲኤሊ ሐሳብ እጃቸውን አወጡ። «ብረት ሠሪው ብረቱ ማን ገላ ውስጥ እንደሚገባ ሲያውቅ፣ የሕይወት አጥኚውም የሚመረምረው ነገር ምን እንደሆነ ሲገባው፣ ዓመታት አይባክኑም፤ በከንቱ የሚሞት እንስሳ ይቀንሳል፤ በሽተኛም በውሸት ተስፋ አይታሰርም። እኔ ይህን የተማርኩት ማንም ሊከፍለው በማይገባ ዋጋ ነው» አሉ። ሐሳቡ ጸደቀ። አንዳንዱ አጨበጨበ፤ እሳቸው ግን ጭብጨባውን መስማት አልቻሉምና ወጥተው ሄዱ።

የመጀመሪያው ትምህርት በሚጀመርበት ጠዋት፣ ወይዘሮ ኔሪዳ ከተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ለባላቸው ሰጡ። ሐኪሞቹ ከገላቸው ያወጡት፣ ያመረቀዘው አሮጌው መገጣጠሚያ ነው፤ አጥበው እንዲሰጧቸው ለምነው ነበር።

«ውሰደው» አሉ። «ለእኔ መሄጃ ካልሆነኝ ለአንተ ማስተማሪያ ይሁንህ።»

ይቅር ብያለሁ አላሉም። ፕሮፌሰሩም ይቅርታ አልጠየቁም።

ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱም ሕንፃ የመጡ ተማሪዎች ተደባልቀው ተቀምጠዋል፤ ሌሲኤሊ ከፊት ቆማለች። ፕሮፌሰሩ ጨርቁን ፈቱና መገጣጠሚያውን ከእጅ ወደ እጅ አሳለፉት። የተወለወለው ብረት እንደ መስታወት ያበራል።

አንዷ ተማሪ አገላብጣ አየችውና «ይኼ ምን ሆነ ተብሎ ወጣ? ምንም የለበትም እኮ» አለች።

«በዓይን ምንም የለበትም» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ብረት አጥኚው ቢመዝነው ጠንካራ ነው ይላል፣ አልዋሸም። እኔ በጨው ውሃ ባጥበው ንጹሕ ነው እላለሁ፣ አልዋሸሁም። በገላዋ ይዛው የነበረችው ሴት ግን ዛሬ ባሕሩን የምታየው በመስኮት ነው። ባለቤቴ ናት።»

ተማሪዋ መገጣጠሚያውን በሁለት እጇ ይዛ ቀረች፤ ማስቀመጫም አጣች።

«ለሚቀጥለው ሰው አሳልፊው፣ ልጄ» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ሁላችሁም ያዙት። ከዚያ ደሙን እናመጣለን፤ ሥራችንን ከደሙ እንጀምራለን።»