ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ የተመለሰ ሰዓት

የምስክሩ ስም፦ ዙሄር ሚሉድ ሸርቃዊ
ዕድሜ፦ 23
ሥራ፦ የስልክና የኮምፒውተር ጥገና
አድራሻ፦ ሳፊ ከተማ፣ ከሸክላ ሠሪዎች ኮረብታ ሥር
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2025፣ ከቀኑ 8፡20
ቃል ተቀባይ፦ ኢንስፔክተር ተውፊቅ ዘሩዋል

አይ፣ እንደሱ አይደለም። ቅድም ኮምፒውተር አይዋሽም ብለውኛል፤ ይዋሻል። የነገሩትን ነው የሚያወራው፣ ይኼኛውን የፋብሪካውን ደግሞ የነገርኩት እኔ ነኝ። እህቴ ረቂያ ሸርቃዊ ሰኞ ዕለት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሰርዲን ፋብሪካው ውስጥ ብቻዋን ነበረች፣ የማቀዝቀዣውን ጋዝ የለቀቀችው እሷ ናት ተብላ ይኸው አራተኛ ቀኗን ታስራለች። እሷ የገባችው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ያቺን አንድ ሰዓት የበላኋት እኔ ነኝ። እንዴት እንደበላኋት እናገራለሁ፣ ሳያቋርጡኝ ይጻፉልኝ።

ትምህርት ያቆምኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። ቢሆንም በወደቡ ዙሪያ የኮምፒውተርን ጥቁር ገጽ ከኔ በላይ የሚያውቅ ካለ አምጡትና ፊት ለፊት እንቀመጥ። ጥቁሩ ገጽ ሥዕል የለውም፣ ማውስ የለውም፣ ትዕዛዙ በፊደል ተጽፎ ነው የሚሰጠው። የፋብሪካው ሠራተኞች ሲገቡ ጣታቸውን የሚያሳርፉበት መሣሪያ የተያያዘው ከእንደዚህ ዓይነት አሮጌ ኮምፒውተር ጋር ነው። ኢንተርኔት የለውም፣ የውስጥ ባትሪውም ሞቷል። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑንም ሰዓቱንም ረስቶ እ.ኤ.አ. 2009 ጃንዋሪ አንድ ላይ ቁጭ ይላል፣ ያኔ እኔ እጠራለሁ። ለሥራ አስኪያጁ ለሲ ጀዋድ ባትሪ ግዛ ብዬ ሁለት ጊዜ ነግሬዋለሁ። "አንተ እያለህ ባትሪ ምን ይሠራልኛል?" ነው ያለኝ። ደስ ብሎኝ የባትሪውን ነገር ተውኩት።

እሁድ ፌብሩዋሪ 23 ቀን ረመዳን ስለደረሰ አገሩ ሁሉ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልስበት ቀን ነበር። ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ኮምፒውተሩ እንደልማዱ ረስቷል። ሲ ጀዋድ ደወለልኝና ሄድኩ። እሱ ከኋላዬ ቆሞ እኔ ጥቁሩን ገጽ ከፈትኩ። መጀመሪያ ቀኑን 23 ብዬ ስጀምር እምቢ አለኝ። ትዕዛዙ ወር ነው የሚያስቀድመው፣ እኛ ቀን ነው የምናስቀድመው፤ ሃያ ሦስተኛ ወር ደግሞ የለም። ሲ ጀዋድ ሳቀና ዝናህ ይኼ ነው እንዴ አለኝ። ያኔ ደሜ ፈላ። ቀኑን አስተካክዬ ጻፍኩና ሰዓት ስንት ነው ብዬ ጠየቅኩ። ከበሩ በላይ የተሰቀለውን የግድግዳ ሰዓት አሳየኝ፣ አምስት ሰዓት ከአምስት ይላል። "እሱ ገና ወደ ኋላ አልተመለሰም፣ አንድ ቀንስለት" አለኝ። ቀነስኩለት። አራት ሰዓት ከአምስት ብዬ ጻፍኩ፣ በሁለተኛው ትዕዛዝ ደግሞ ወደ ውስጠኛው ሰዓት አስገባሁት። አሥር ሰከንድ አልፈጀብኝም። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ አላየሁትም።

በዕለቱ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ወደቡ በር ላይ ያለው ቡና ቤት ከጓደኞቼ ጋር ተቀምጬ ስለዚሁ ሥራዬ ሳወራ የፋብሪካው ዘበኛ ባ ላርቢ ወደ ተራው ሲሄድ ሻይ ሊጠጣ ገባ። እኔን ሲያይ፣ "ልጄ ዙሄር፣ የበሯን ሰዓት እኮ ጠዋት ወንበር ላይ ወጥቼ እኔው መልሻታለሁ። ከሷ ላይ ደግመህ አልቀነስክም መቼም?" አለኝ።

ወዲያው ነው የገባኝ። ግን አምስት ሰው ዓይን ዓይኔን እያየ፣ "ባ ላርቢ፣ አንተ በርህን ጠብቅ፣ ኮምፒውተሩን ለኔ ተወው" አልኩት። ተሳቀበት። እሱም ከነሱ ጋር ሳቀና ሻዩን ጨርሶ ሄደ። ሰኞ ቀትር ላይ ሹልክ ብዬ ገብቼ አስተካክለዋለሁ ብዬ አሰብኩ።

ሰኞ የሆነውን ታውቃላችሁ። የጋዝ መለኪያው የራሱ ትክክለኛ ሰዓት አለው፣ ጋዙ መውጣት የጀመረው ከጠዋቱ አንድ ተኩል ላይ እንደሆነ ጽፏል። ረቂያ የቀዝቃዛው ክፍል ቁልፍ ያዥ ስለሆነች ከሴት ሠራተኞቹ ግማሽ ሰዓት ቀድማ ነው የምትገባው። ሁለት ሰዓት ላይ ጣቷን አሳረፈች፣ ሽታው ሲመታት ሮጠች፣ ባ ላርቢን ክፍሉ በር ላይ ወድቆ አገኘችው። በጃኬቱ ይዛ ጎትታ አወጣችው። ከዚያ እሳት እንዳይነሳ ብላ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋችው። እንግዲህ ይኼ ነው የኔ እህት ወንጀል። መብራቱን ባታጠፋው ሁለት ተኩል ላይ የሚገቡት ሴቶች ሁሉ አንድ ተኩል ላይ ገቡ ተብሎ ይመዘገብና ማንም ስህተቱን ያየው ነበር። ስላጠፋችው የዚያን ቀን የተመዘገበው የሷ ጣት ብቻ ሆነ፣ ኮምፒውተሩም እናንተ ስትከፍቱት ተመልሶ እ.ኤ.አ. 2009 ገብቷል። ባ ላርቢ ሆስፒታል አፉ ውስጥ ቱቦ ገብቶለት ተኝቷል፣ አይናገርም።

ሰኞ ማታ ሲ ጀዋድ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ትከሻዬን ይዞ፣ "ሰዓቱን ባለሙያ ነው ያስተካከለው ብዬ ፈርሜያለሁ። አሁን ተሳስቼ ነበር ካልክ አንተም ትገባለህ፣ እሷም አትወጣም" አለኝ። እሁድ ፋብሪካው ውስጥ እንዳልነበረም ነገረኝ፣ እያየኝ። እኔም ማክሰኞንና ረቡዕን ዝም አልኩ። ለእህቴ ምግብ አምጥቼ እዚሁ በራችሁ ላይ አስረክቤ ስመለስ እንኳ አልተናገርኩም። ፈራ ብለው ይጻፉ፣ አልቃወምም።

ማስረጃ ላሉት፣ እሁድ ሥራውን እንደጨረስኩ ከጥቁሩ ገጽ ጋር ራሴን ፎቶ አንስቼ ለቡና ቤት ልጆች ልኬ ነበር፣ ጉራዬን ልነፋ። ገጹ ላይ አራት ሰዓት ከስምንት ይላል። ፎቶው የተነሳበትን ሰዓት ስልኩ የመዘገበው አምስት ሰዓት ከስምንት ብሎ ነው፤ ስልኩ ደግሞ ሰዓቱን ከኔ ሳይሆን ከስልክ መስመሩ ነው የሚወስደው። ከትከሻዬ በላይ ደግሞ አልነበርኩም ያለው ሲ ጀዋድ እየሳቀ ይታያል።

ይህ ቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፣ ማንም አላስገደደኝም፣ የጨመርኩትም የደበቅኩትም የለም። በስህተቴ የምጠየቅ ከሆነ ልጠየቅ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ዙሄር ሚሉድ ሸርቃዊ
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ኢንስፔክተር ተውፊቅ ዘሩዋል

ከፊርማው በታች በምስክሩ እጅ የተጻፈ፦ ስልኬ ጠረጴዛዎ ላይ ነው። ይክፈቱትና እህቴ ዛሬ ትወጣለች ወይስ አትወጣም፣ ከዚህ ወንበር ሳልነሳ ይመልሱልኝ።