ፍሪጅ አስተንፋሹ

መጀመሪያ የተሰማው ድምፁ ነው። «ሽሽሽሽ…» የሚል፣ ረጅም፣ የማይቸኩል፣ አንድ ሰው ብዙ ዘመን አፍኖ የኖረውን ትንፋሽ እንደሚለቅ ያለ ድምፅ።

ልጅቱ ሻንጣዋን በአንድ እጇ፣ ከባድ የብረት ሳጥን በሌላው ይዛ ከቅያሱ አፍ ላይ ቆመች። ግንቡ ከፍ ያለ ነው፤ የቆርቆሮው በር ገርበብ ብሏል እንጂ ከውስጥ ምንም አይታይም። ማየትም አላስፈለጋት። ሕፃን ሳለች ይህን ድምፅ እየሰማች ነበር እንቅልፍ የሚወስዳት። «አባዬ፣ ምንድን ነው?» ስትል «ፍሪጇ ናት፤ ደክሟት ተነፈሰች» ይላት ነበር። እሷም እውነት መስሏት የደከማት ፍሪጅ ሁሉ በር ላይ መዳፏን አሳርፋ «አይዞሽ» ትል ነበር።

አሁን ግን የማቀዝቀዣ መሣሪያዎችን ጥገና ተምራና ጨርሳ እየተመለሰች ነው። ድምፁ ምን እንደሆነ አውቃለች። ሰው አንድን ነገር አንዴ ካወቀው በኋላ እንደ ድሮው አድርጎ ሊሰማው አይችልም፤ የዕውቀት ክፋቱም ደግነቱም ይኸው ነው።

በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች።

አባቷን የሰፈሩ ሰው «በረዶው» ይለዋል። ፀጉሩ ስለነጣ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነቱ ግን በዚያ ሰፈር ቀዝቃዛ ውሃ የጠጣ ሁሉ በእሱ ሙያ ስለጠጣ ነው። በግቢው መካከል አንዲት ነጭ ፍሪጅ ጀርባዋን አዙሮ አቁሟል። እሱ ከሥሯ ተንበርክኮ የቀጭኗን ቱቦ ጫፍ በፒንሳ ከፍቶ፣ ጋዙ ወደ ሰማይ ሲወጣ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። አጠገቡ በተገለበጠ ሣጥን ላይ የፍሪጇ ባለቤት፣ መንገድ ዳር ጭማቂ የምትሸጠው ሴትዮ፣ በሻርፗ ራሷን እያራገበች ተቀምጣለች።

«አባዬ! ያዘው፣ እንዳይወጣ!»

ሽማግሌው ደንግጦ ቱቦዋን በፒንሳው ጥርቅም አድርጎ ቆነጠጣት። ድምፁ ተቋረጠ።

«ምነው ልጄ! እባብ የረገጥኩ መሰለኝ እኮ። እንዲህ ነው ሰላምታ?»

«ይቅር በለኝ አባዬ። እንደምን ዋልክ?»

«እኔማ ደህና ነበርኩ። ነገ ትመጫለሽ ብዬ ስጠብቅ ዛሬ መጣሽብኝ። በይ አንቺው ጎንበስ በይና ሳሚኝ፤ መነሣት አልችልም፣ ሥራ አስይዘሽኛል።»

ጎንበስ ብላ ግራና ቀኝ ጉንጩን ሳመችው።

«ጎሽ!» አለች ባለ ጭማቂዋ፤ «ልጅ ማለት እንዲህ ነው። ገና ሳትቀመጥ አባቷን አንበረከከች!»

«ተንበርክኬ ነው ያገኘችኝ፤ ውሸት አትጨምሪ» አለ እሱም። ከዚያ በአገጩ ወደ ግቢው ጥግ አመለከተ። «ያን አየሽው?»

ልጅቱ ዞር ብላ አየች። ከአባቷ አሮጌ የሥራ ጠረጴዛ ጎን አዲስ ጠረጴዛ ቆሟል፤ እንጨቱ ገና የመላጊያ ሽታው አልለቀቀውም። እሷ ከእሱ ረዘም ስለምትል እግሩን ከፍ አድርጎ ሠርቶታል። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ቀጭን ቱቦ መበየድ እንደቸገረው፣ ልጁ መጥታ አብራው እንድትሠራ እንደሚመኝ በየጊዜው በስልክ ነግሯታል። እሷ ግን ያልነገረችው ነገር ነበር፤ በሌላ ከተማ ያለ ትልቅ የማቀዝቀዣ መጋዘን ሊቀጥራት ፈልጎ መልሷን እስከ ነገ ይጠብቃል።

ጉሮሮዋን ጠርጋ ነገረችው።

 ሽማግሌው ፒንሳውን ጠበቅ አደረገ።

«እዚህ መሥራት አልፈልግም ማለትሽ ነው?»

«እፈልጋለሁ አባዬ። እንዲያውም ሌላ ነገር አልፈልግም። ግን ይህን ድምፅ እየሰማሁ መሥራት አልችልም።»

«ይህ ድምፅ እኮ ነው ያሳደገሽ!»

«አውቃለሁ። የከበደኝም ለዚያ ነው።»

እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር ከተባለ ሽማግሌው ክፉ ሰው አልነበረም። ማስተንፈስ የሚለውን ነገር የተማረው ሙያውን ካስተማረው ጌታው ነው፤ ጌታውም ከጌታው። አሮጌ ጋዝ አሮጌ በሽታ ነው፤ ፍሪጅ ከመጠገንህ በፊት የውስጧን አስወጣ፣ ከዚያ በንጹሕ ሙላ። ይህ የሙያው ሥርዓት ነበር፤ ሰው ፊቱን ሳይታጠብ ከቤት እንደማይወጣ ሁሉ እሱም ሳያስተነፍስ ሥራ አይጀምርም። ያባቱን ሥርዓት የሚነካ ልጅ ሲመጣ ሰው የሚከፋው በሞኝነቱ ብቻ አይደለም፤ ሙታኑን የሚያዋርዱበት እየመሰለው ጭምር ነው።

«እሺ የኔ መሐንዲስ» አለ በመጨረሻ፤ «ጋዝ ነው። ይወጣል፣ ይበተናል፣ አለቀ። ማንን ይጎዳል?»

«ከዓይን ራቀ እንጂ አላለቀም አባዬ። ሰማይ ላይ ይቆያል።»

«ይቆይ! እኔ ሰማይ ላይ ላም እንኳ የለኝም።»

ባለ ጭማቂዋ ሳቋ አምልጧት በሻርፗ አፏን ሸፈነች። ልጅቱም ፈገግ አለች፤ ግን አልተወችውም። በርጩማ ስባ ከአባቷ ፊት ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። የዚች ፍሪጅ ጀርባ ላይ ያለው ፍርግርግ ሥራው ምንድን ነው?»

«ደግሞ ልትፈትኚኝ ነው? የውስጧን ሙቀት አውጥቶ ይጥላል።»

«በወፍራም ጨርቅ ብንሸፍነውስ?»

«ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ሞተሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ይግላል፣ በኋላም ይቃጠላል። ይህን የማያውቅ…»

«ኧረ ጋሼ!» አለች ባለ ጭማቂዋ ከሣጥኗ ላይ እየተነሣች። «እኔ ከኋላዋ መጋረጃ አድርጌባታለሁ!»

«ምን አደረግሽ?»

«ለአቧራ ብዬ ነዋ! አበባ አበባ ያለበት መጋረጃ። ከግድግዳውም አስጠግቼ…»

«አንቺ ሴትዮ! ስንት ጊዜ ነው የነገርኩሽ፣ ጀርባዋን ክፍት ተይላት፣ ከግድግዳ አርቂያት፣ ከፀሐይ አውጫት ብዬ? ፍሪጅ ጀርባዋ ከተሸፈነ ታፍና ትሞታለች እኮ! እኔ ደግሞ ምን ሆና ነው በየዓመቱ የምትመጣው እላለሁ!»

ልጅቱ አባቷ ቁጣውን እስኪጨርስ ጠበቀች።

«አባዬ» አለች ቀስ ብላ፤ «ምድርም ጀርባ አላት። ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት በዚያ በኩል ወደ ላይ አውጥታ ትጥላለች። እኛ የምንለቀው ጭስና ጋዝ ደግሞ መጋረጃው ነው። ከሁሉም ጭስ ይህ አንተ የያዝከው ጋዝ ይብሳል፤ ሚዛን ለሚዛን ቢተያይ ከመኪና ጭስ ከሺህ እጥፍ በላይ ሙቀት ያፍናል። እትዬን ስለ መጋረጃቸው ተቆጣሃቸው። እኔስ ማንን ልቆጣ?»

ሽማግሌው ወደ ፍሪጇ፣ ወደ ሰማዩ፣ ከዚያም ወደ ቆነጠጣት ቱቦ አየ።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል» አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልጸናም። «እሺ፣ እውነት ይሁን። የትላልቆቹ ፋብሪካዎች ጭስ እያለ፣ በሰማይ የሚበሩት አውሮፕላኖች እያሉ፣ የኔ አንድ ሲኒ ጋዝ ተቆጠረች?»

«ልክ ነህ፤ ትልቁ ጥፋት ያንተ አይደለም» አለች ልጅቱ። «እነሱም ይጠየቁ፤ መጠየቅም አለባቸው። ግን አንተ ብቻህን ነህ እንዴ? ስንት ሰው ነው ያስተማርከው?»

ይህን ጥያቄ ሽማግሌው ወደደው። ጀርባውን ቀና አደረገ።

«ስንት ትዪኛለሽ! ግራኙ ከድልድዩ ሥር ሱቅ ከፍቷል። መንታዎቹ ከገበያው ጀርባ ናቸው። ያ ጉረኛው እንኳ፣ ቱቦ ከሽቦ መለየት ያቅተው የነበረው፣ ዛሬ የሆቴሎቹን ሁሉ እሱ ነው የሚጠግን። ከድልድዩ ወዲህ ፍሪጅ የሚነካ ሁሉ የኔ ልጅ ነው!»

«ማስተንፈስን ከማን ተማሩ?»

 ከግንቡ ወዲያ አንድ ጋሪ እየተንቋቋ አለፈ።

ሽማግሌው የሚኮራበት ነገር ሁሉ በዚያች አጭር ጥያቄ ፊቱን አዞረበት። አንድ እጅ አይደለም ያለው፤ በየቅያሱ፣ በየገበያው ጀርባ፣ ከድልድዩ ሥር እጆች አሉት፤ ሁሉም በዚያች ሰዓት ቱቦ ከፍተው ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው የሚያዳምጡ መሰለው። «ሽሽሽ» የሚለውን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከብዙ ቦታ በአንድነት ሰማው።

በዚህ መካከል ፒንሳው ላላ ሲል ቱቦዋ «ጭጭጭ» አለች፤ ወዲያው በሁለቱም እጁ ያዛት።

«ላግዝህ?» አለች ልጅቱ።

«ተይኝ፣ ይዣታለሁ።»

ባለ ጭማቂዋ መካከላቸው ገባች። «እኔ የምለው፣» አለች፤ «ጋዙ ሰማይን የሚጎዳ ከሆነ ለምንድን ነው በየዓመቱ የምሞላው? ያልቃል መስሎኝ፤ እንደ ላምባ።»

«አያልቅም እትዬ» አለች ልጅቱ። «በዝግ ቱቦ ውስጥ ይዞራል እንጂ አይቃጠልም። ከጎደለ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ባልዲ ሲያፈስ ውሃ ብቻ እየጨመርን እስከ መቼ?»

«ጋሼ! እንዲህ ነው እንዴ?»

«እንዲህ ነው» አለ ሽማግሌው መሬት መሬት እያየ። «ግን ቀዳዳ መፈለግ ቀን ይፈጃል። ሰው አይታገሥም። አንቺ ራስሽ 'ቶሎ ሙሉልኝ፣ ማንጎዬ ተበላሸ' እያልሽ በር ላይ ትቆሚያለሽ። ኑሯችን ሁሉ ጠብ ሲል ስደፍን ሆነ። ዓይኔም…» ሳይጨርሰው ቀረ።

ልጅቱ ማዘኗን አላሳየችውም፤ ለኩሩ ሰው ማዘን ስድብ መሆኑን ታውቃለች። «ዓይን እኔ አለኝ» አለች። «አንተ ደግሞ ጆሮና እጅ አለህ፤ እኔ ገና የለኝም።»

ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ብዙ አልተከራከረም። በአገጩ ወደ ብረት ሳጥኑ አመልክቶ «ያ ሳጥን ምንድን ነው?» አለ።

«ጋዝ መሰብሰቢያ። ከትምህርት ቤቱ መጋዘን ተበላሽቶ ተጥሎ አግኝቼ ጠገንኩት።»

«አንቺ ጠገንሽው?»

«የማን ልጅ ነኝና?»

«ክፈቺዋ።»

ከፍታ ከቱቦዋ ጋር አገናኘችው፤ ከሌላው ወገን ባዶ ሲሊንደር አሰረችበት። አባቷ ፒንሳውን ሲለቅ የተለመደው ድምፅ አልመጣም፤ ሳጥኑ ብቻ እንደ ጠገበ ድመት ማጉረምረም ጀመረ። ሽማግሌው ጆሮውን አስጠጋ። ሲሊንደሩን በመዳፉ ዳሰሰ።

«ገባ?»

«ገባ። ተጣርቶ መልሶ ለራሷ ለፍሪጇ ይሆናል። የማይጸዳው ደግሞ ተዘግቶ ይቀመጣል፤ ሰማይ አያየውም።»

ቀጥለው የፍሪጇን ቱቦዎች በግፊት አየር ሞልተው፣ ሳሙና በውሃ መትተው አረፋውን በስፖንጅ በየመገጣጠሚያው ቀቡት። ሽማግሌው ጠጋ፣ ራቅ እያለ ቢያይም ምንም አልታየውም። ልጅቱ ጣቱን ይዛ አንድ ቦታ ላይ አሳረፈችው፤ ከቱቦው ማጠፊያ በታች፣ ሩዝ የምታህል አረፋ በጣቱ ሥር እያበጠች ትፈነዳለች።

«ይኸውና ሌባው» አለ ሽማግሌው በለሆሳስ። «ስንት ዓመት ሙሉ እኔን ሲያሞኘኝ!»

«እኔንስ!» አለች ባለ ጭማቂዋ። «በሉ ከዛሬ ጀምሮ መጋረጃው ወረደ። ፍሪጄንም ከግድግዳው አነሣታለሁ። ትኩስ ነገርም ሳይበርድ አላስገባባትም። እየከፈትኩ መቆምም ቀረ፤ ሌላስ?»

ሌላው ብዙ ነው፤ ዋናው ግን ከእሷ አፍ ወጥቷል። ቀዳዳዋ የተደፈነ ፍሪጅ በየዓመቱ ጋዝ አትለምንም፤ ጀርባዋ የተገለጠ ፍሪጅ መብራት አትበላም፤ በደንብ የምትቀዘቅዝ ፍሪጅ ፍሬ አታስጥልም። መብራት ያልባከነበት፣ ፍሬ ያልተጣለበት፣ ጋዝ ያልተለቀቀበት ቤት ለራሱ ሲል የሠራው ሥራ ለማያውቀው ሰው ጥላ ይሆናል። ዓለምን ልናድን እንነሣ ቢባል ከየት እንደምንጀምር ይጠፋን ይሆናል። መጋረጃ ማውረድ ግን ማንን ያቅተዋል?

ልጅቱ መበየጃውን ልታቀጣጥል ተዘጋጀች። «አባዬ፣ አንተ ትበይዳለህ ወይስ…»

ሽማግሌው ከበርሜሉ ውሃ ጨልፎ እጁን ታጠበ። ባርኔጣውን ከሚስማሩ ላይ አውርዶ አደረገ። ከዚያ ማጉረምረሙን ያቆመውን ሳጥን ከቱቦው ፈታ፤ በአንድ እጁ እሱን፣ በሌላው አንድ ባዶ ሲሊንደር አንጠለጠለ።

«ጋሼ!» አለች ባለ ጭማቂዋ። «ፍሪጄስ?»

ጀምሮት ያልጨረሰውን ሥራ ለሌላ ሰው እጅ ትቶ ሲወጣ በዚያ ግቢ ታይቶ አያውቅም። ልጅቱ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ስለዚህ አልጠራችውም። መበየጃውን ይዛ ከአዲሱ ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ አየችው ብቻ።

በሩን በትከሻው ገፋ። ከቅያሱ ሲደርስ ወደ ድልድዩ፣ ወደ ግራኙ ሱቅ ታጠፈ።