አንብሮሲዮ ወደ ትንሹ ድንጋይ እንደ ተመለሱ

አማቼ፣ የሚስቴ አባት አንብሮሲዮ፣ ካረፉ ሁለት ወር ሆናቸው። በአሪሳልዴ መንደር ስለ ጉልበታቸው የማያወራ ሰው የለም። እኔ ግን የምጽፈው ጉልበት ስላጡበት ዓመት ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ያከበርኳቸው በዚያ ዓመት ነውና።

ሰኔ ነበር። የእኅታቸው ልጅ ማያለን ቢልባኦ ከተማ ሦስት ዓመት ተቀምጣ፣ የተጎዳን ሰውነት በእንቅስቃሴ የማዳን ሙያ ተምራ ስትመለስ አውቶቡስ መውረጃው ላይ በአጋጣሚ አገኘኋት። ሻንጣዋን ተቀብዬ አብረን ዳገቱን ወጣን። ከቤቱ በታች ካለው የድንጋይ ካብ ስንደርስ አማቼ ካቡ ላይ ተደፍተዋል።

«አጎቴ! ምን ሆኑ?» አለች ደንግጣ።

«ምን እሆናለሁ? ቁልፍ ጠፍቶብኝ እየፈለግሁ ነው።»

«ካብ ላይ ተኝተው?»

«ቁልፉ የወደቀው ከካቡ ማዶ ነው! ገና ከመምጣትሽ ምርመራ ጀመርሽ? ሰላም በይኝና እለፊ።»

በእኛ መንደር ቤቱን የሚቆልፍ ሰው የለም። ግራና ቀኝ ደግፈን ወደ ቤት አስገባናቸው።

አማቼ ሠላሳ ዓመት ድንጋይ አንሺ ነበሩ። ጉልበታቸው ከጠና ወዲህ በየዓመቱ፣ በመስከረም በሚውለው በቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ መቶ አርባ ኪሎውን ድንጋይ ከአደባባዩ መሬት አንሥተው ትከሻቸው ላይ ያወጡታል። አባታቸውም አያታቸውም በዚያው ቀን፣ በዚያው አደባባይ አንሥተዋል። ከማንሣታቸው በፊት ረጅሙን ጥቁር መቀነት ወገባቸው ላይ የምጠመጥመው እኔ ነበርሁ። ከዚያ ሰኔ በፊት ባለው የብርድ ወራት ግን «አጥብቀው፣ አንድ ዙር ጨምር» ማለት አበዙ። ለፋሲካ መቀነቱ ትንፋሽ እስኪያሳጥራቸው ጠበቀ። ወገባቸው እንደሚያማቸው የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው፤ ለማንም እንዳልናገር አስምለው። አንድ ሐኪም አርባ ቀን እንዲተኙ አዘዛቸው። ሃያ ቀን ተኙ፤ ሰለቻቸውና ከአልጋ ተነሥተው በቀጥታ መቶ አርባውን ያዙ። ድንጋዩ ከጉልበታቸው ሳያልፍ እሳቸው ወደቁ።

ለሚስታቸው ለኮንቼሲ፣ «ለቅዱስ ሚካኤል ካላነሣሁ ዳግመኛ አደባባይ አታዪኝም» ብለዋቸው ነበር። ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አልነበሩም። ስለዚህ ቤቱ ሁሉ ፈርቶ ነበር።

ወጥ ቤት ተቀመጥን። ማያለን ወንበሯን ሳበች።

«እግርዎ ይደነዝዛል? ይዝልብዎታል?»

«የለም።»

«ትኩሳት አለ? ሳያስቡት ክብደት ቀንሰዋል?»

«ቦሎቄውን ማን ጨረሰው መሰለሽ?»

«መቀመጫዎ አካባቢ መደንዘዝስ? ሽንት መያዝ ወይም መሽናት ያቅትዎታል?»

«ኮንቼሲ!» ብለው ጮኹ። «ይቺን ልጅ ይህን ጠይቂ ብለው ነው ያስተማሯት? አጎት እንዲህ ይጠየቃል?»

«መልስላት፤» አሉ ኮንቼሲ ከምድጃው ሳይዞሩ። «እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።»

«ሁሉም ደኅና ነው!»

«እንግዲያው እግዚአብሔር ይመስገን። ከእነዚህ አንዱ ቢኖር ኖሮ ዛሬውኑ ሆስፒታል እወስድዎት ነበር። የእርስዎ ሕመም ያስጮኻል እንጂ አይገድልም፤ ይድናል።»

«አውቃለሁ። መቀነቱ ሲጠብቅ ይድናል። አባቴም ሲያመው እንዲህ ነበር የሚያደርገው።»

«አያቴ ከሃምሳ ዓመታቸው በኋላ ላም ለማለብ እንኳ ይጎነበሱ ነበር?»

አማቼ ቆባቸውን አወለቁ። አባታቸው እርጅናቸውን በወንበር ላይ እንደ ጨረሱ ሁላችንም እናውቃለን።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አሉ። «ብተኛ ደከምሁ፤ ባነሣ ወደቅሁ። ወይ አልጋ ነው ወይ ድንጋይ። ሦስተኛ የለም።»

«ባለፈው ዓመት ግራው በሬ እግሩ ሲወለም ምን አደረጉ?»

«በሬው? እሱን ተይው፣ እሱ ሌላ ነው።»

«ይንገሩኛ።»

«በየቀኑ ትንሽ አራመድሁት። ከዚያ ባዶ ጋሪ አስጎተትሁት። ከዚያ የሣር ጭነት። ግንድ ያስጎተትሁት በመከር ነው።»

«ለምን በረት አስረው አላቆዩትም?»

«ይደርቃል! የቆመ በሬ ይበላሻል።»

«ለምን በማግሥቱ ግንድ አላስጎተቱትም?»

«ምን፣ እብድ ነኝ?»

ኮንቼሲ ማማሰያቸውን ጣሉና ሳቁ። «ለበሬው ሐኪም፣ ለራሱ ነፍሰ ገዳይ!»

አማቼ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ማያለን ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አጎቴ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። ነገ እስከ ጸሎት ቤቱ ሄደው ይመለሳሉ። ትንሽ ቢያምዎት አይፍሩ፤ ማመም ሁሉ መሰበር አይደለም። በማግሥቱ ሕመሙ ከባሰ ልኩን እንቀንሳለን፤ ካልባሰ እንጨምራለን። ከሳምንት በኋላ ድንጋይ ያነሣሉ።»

ዐይናቸው በራ። «መቶ አርባውን?»

«ሃምሳውን።»

ፊታቸው ተለወጠ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ ዘንድ ሰው ከአንድ ድንጋይ ወደሚከብደው ሲያልፍ፣ የተወውን ለሌላ ይሰጠዋል፤ ዳግመኛም አይነካውም። ወደ ተተወ ድንጋይ መመለስ ከሽንፈት በላይ ነው፤ በቁም እንደ መሞት ይቆጠራል። ሃምሳ ኪሎውን አማቼ በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ለጎረቤታችን ለኤራሙን ሰጥተውታል። ኤራሙን ደግሞ ምላሱ ከመጋዝ የተሳለ ሰው ነው።

«ሌላ ነገር እዘዢኝ፤» አሉ።

«ሌላ የለኝም።»

ሁለት ቀን አሰቡ። ይህን ልማድ የሠራ ሰው ለወጣቶች ትጋት ብሎ ሠርቶት ይሆናል፤ ነገር ግን ወደ ኋላ መመለሻ የሌለው መሰላል መሆኑን አላስተዋለም። ከላይኛው እርከን ላይ የታመመ ሰው መውረጃ ስለሌለው ይወድቃል። ስንቱ ጎበዝ አባት በዚህ ምክንያት ጎብጦ ቀርቷል!

በሦስተኛው ቀን የእጅ ጋሪውን እንድገፋ አዘዙኝና ኤራሙን ደጅ ሄድን። ድንጋዩ የዶሮ ቤቱን በር ደግፎ ቆሟል።

«አንብሮሲዮ!» አለ ኤራሙን። «እንቁላል ልትገዛ ነው?»

«ሃምሳውን እንድትመልስልኝ ነው።»

«አሃ፣ ለልጅ ልጅህ! ሦስት ዓመቱ አይደል? ትንሽ አልፈጠነም?»

«ለራሴ ነው። ወገቤ ታሟል። ከታች ልጀምር ነው።»

እኔ መሬቱን አየሁ። ሰው በአደባባይ መቶ አርባ ሲያነሣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቃል ከባድ ነገር ሲነሣ ግን አላየሁም። ኤራሙን ወደ ዶሮ ቤቱ ዞረ። በኋላ፣ «ዶሮዎቼ ያመልጣሉ» ብሎ አጉረመረመና በሩን በእንጨት ደግፎ፣ ድንጋዩን ከእኔ ጋር ጫነ።

ድንጋዩን በመጀመሪያ ያነሡት ከመሬት ሳይሆን ጠረጴዛ ከሚያህል ግንድ ላይ ነው። ሳምንት በሳምንት ግንዱን እያሳጠርሁ ቆረጥሁት። ማያለን ከዳሌ መታጠፍን፣ ድንጋዩን ወደ ሆድ ማስጠጋትን፣ ሆድን በትንፋሽ ሞልቶ ማጠንከርን አስተማረቻቸው። «መቀነቱ ይረዳል እንጂ አይተካም፤ በመጀመሪያ የራስዎ ሥጋ መቀነት ይሁን» ትላቸው ነበር። በሐምሌ አጋማሽ አንድ ቀን ደስ ብሏቸው ሰማንያውን ሞከሩ፤ ሦስት ቀን እየተሳደቡ ዞሩ። አራተኛው ቀን ያለ ማንም ጥሪ ወደ ሃምሳው ተመለሱ። ማያለን፣ «አሁን ገና ተማሩ» አለች።

የቅዱስ ሚካኤል ቀን ደረሰ። አማቼ ወደ አደባባዩ ያስመጡት መቶውን ነው፤ ከሃያ ዓመት በፊት የተዉትን። አስተዋዋቂው ጆሯቸው ሥር ተጠጋና፣ «ክብደቱን ዘልዬ ስምዎን ብቻ ልጥራ?» አላቸው።

«ጥራው። ለምን እንደ ቀነሰም ተናገር።»

ተናገረ። አንዱ ከፖም ጠጅ በርሜሉ አጠገብ፣ «ለሚስትህ ተውላት!» ብሎ ጮኸ፤ ጥቂቶች ሳቁ። አማቼ ከዳሌያቸው ታጠፉ፣ ትንፋሽ ሞሉ፣ ድንጋዩን ወደ ጭናቸው፣ ከጭናቸው ወደ ደረታቸው፣ ከዚያ ወደ ትከሻቸው አወጡት። አምስት ጊዜ። ከአምስተኛው በኋላ ቀጥ ብለው ቆሙ። የሚስቅ አልነበረም።

ጭብጨባው ሳያባራ የጋሪ ሠሪው ሚስት ቢሸንታ ሰዉን ገፍታ መጣች።

«አንብሮሲዮ፣ የእኔም ባል ወገቡን ይዞ ከተኛ ወር ሆነው። ወንድ አይቶ እንዳይስቅብኝ ብሎ መስኮት እንኳ አያስከፍተኝም። ምን ልበለው?»

አማቼን የበዓሉ ማዕድ እየጠበቃቸው ነበር። መቀነታቸውን ሳይፈቱ፣ «ወደ ቤትሽ ምሪኝ» አሏት። ማያለንም ተከተለቻቸው። በሩን እኔ ነኝ ያንኳኳሁት።

«ማነው?» አለ ሰውየው ከጨለማው ውስጥ።

«ሃምሳ ኪሎ የሚያነሣው አንብሮሲዮ፤» አሉ። «ተነሥ፣ እስከ በሩ ድረስ አብረን እንራመድ።»

ተነሣ። በአማቼ ክንድ ላይ ተደግፎ እስከ በሩ መጣ፤ መስኮቱንም ራሱ ከፈተው።

ከዚያ ወዲህ በመንደራችን የተተወ ድንጋይ የሚባል የለም። የታመመ ይናገራል፤ አደገኛ ምልክት ያለበት ሐኪም ዘንድ ይሮጣል፤ ሌላው ሳይተኛ፣ ሳይታበይ፣ ከሚችለው ጀምሮ ይወጣል። ሽማግሌዎቻችን ላማቸውን ያልባሉ፣ የልጅ ልጃቸውን ያቅፋሉ። አማቼ መቶ አርባውን በሁለተኛው ዓመት መልሰው አነሡት፤ እስከ ስድሳ ስድስት ዓመታቸውም ድንጋይ ያዙ። በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው የሳንባ ምች ወሰዳቸው። እስከዚያ ሳምንት ድረስ ጫማቸውን ያሰሩት ራሳቸው ናቸው።