መልሱ ሳያልቅ የተለቀቀው ሽቦ

ከወልድያ ወደ መርሳ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሐጅ ሙሐመድዘይን ነበሩ። እኔም አባል የሆንኩበት የግራና መስኖ ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው፤ ስብሰባ አያስረዝሙም ተብለው ይመሰገናሉ። ስሪንቃ ላይ ነሲባ ገባች። ፓምፓችንን የሚያበራና የሚያጠፋውን መሣሪያ የሠራችው የተማረች የግራና ልጅ ናት። ክፍት ቦታ የነበረው ከሐጅ ጎን ብቻ ነው።

“አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሐጅ።”

“ወዓለይኩም ሰላም። መሣሪያሽ የአባላችንን የረሂማን ሽንኩርት በውሃ አበሰበሰው። ዛሬ ከስብሰባው በኋላ አስነቅለዋለሁ።”

ነሲባ አንገቷን ደፋች። “ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አሁን አርሜዋለሁ። እንዳይነቀል ልለምን ነው የመጣሁት።”

“ድሮ ደህና ይሠራ አልነበር?”

“ያኔ በውስጡ የእርጥበት መለኪያው ብቻ ስለነበር መምረጥ አያስፈልግም ነበር። በኋላ መረጃ የሚያስቀምጥ ሌላ ዕቃ ጨመርኩበት። ሁለቱ የሚናገሩት በአንድ መስመር ነው፤ እንዳይደበላለቁ ለየራሳቸው መምረጫ ሽቦ አላቸው። ፕሮግራሙ ሽቦውን የያዘለት ይናገራል፣ ሌላው ዝም ይላል።”

“እንደ ስብሰባ ነው በያ! ዕድል የተሰጠው ብቻ።”

“አዎ። ግን መልሱ እስኪያልቅ ሽቦው መለቀቅ የለበትም። የእኔ ፕሮግራም ጥያቄውን እንደላከ ይለቀው ነበር። መለኪያው ‘ጉዳዩ አለቀ’ ብሎ ዝም ሲል፣ ፕሮግራሙ ባዶውን ‘መሬቱ ደረቅ ነው’ ብሎ ያነበዋል። ፓምፑም አይጠፋም።”

“ጠይቆ መልሱን አለመስማት!” ሐጅ ከት ብለው ሳቁ። “ይህማ የቂል ሥራ ነው።” ተሳፋሪውም አብሮ ሳቀ።

“ታዲያ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽንም?”

“ጀምሬ ነበር፣ ሐጅ። ባለፈው ስብሰባ ‘ንባቡ ልክ አይመስለኝም፤ እስካጣራ ድረስ ፓምፑን...’ ስል፣ እርስዎ ‘ሰማን፣ ተቀመጪ’ አሉኝ።”

የሐጅ ሳቅ ጠፋ። ሰው የሚመሰገንበት ነገር ጥፋቱ ሆኖ ሲያገኘው የሚደበቅበት ቦታ የለውም። መርሳ እስክንደርስ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ ቀሩ። ልንወርድ ስንል ብቻ፣ “ስንቱን እንዲህ አስቀምጬው ይሆን?” አሉ።

በስብሰባው መጀመሪያ ዕድል የሰጡት ለረሂማ ነበር።

“ውሃው ማሳዬን ሲሞላው ወደ እርስዎ ሮጬ መጣሁ” አለች። “‘መሣሪያው ያውቃል’ ብለው፣ ሳልጨርስ በሩን ዘጉብኝ።”

ሕዝቡ ሁሉ ወደ ሐጅ ዞረ።

“ጨርሰሻል፣ እህቴ?”

“አልጨረስኩም።”

“ቀጥይ” አሉ፣ መሬት መሬቱን እያዩ።

መሣሪያው አልተነቀለም። ዛሬ መሬቱ ሲጠግብ ፓምፑ ይቆማል፤ ነዳጅ ይተርፋል፣ የሽንኩርት ሥርም አይበሰብስም። ስብሰባችን ረዝሟል፤ ነገር ግን ችግር ማሳ ሳይደርስ እዚያው ይሰማል። ሐጅ ከራሳቸው መደብ ችግኝ ነቅለው፣ ራሳቸው ተሸክመው ለረሂማ ወሰዱላት። “አላህ ይስጥልኝ” ስትላቸው ግን ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም።