የሐያት ቀኝ ትከሻ

ሪያድ ውስጥ ነሲም በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የሴቶች ልብስ ስፌት ቤት የቀሚስ ንድፍ እሠራለሁ። መጀመሪያ በእርሳስ እስላለሁ፤ ከዚያ ስዕሉን በስልኬ አንስቼ ታብሌት ላይ አስተካክለዋለሁ፣ ቀለምም እቀባዋለሁ። ሐያት የምትባል እዚሁ ሪያድ ያደገች ልጅ ለኒካዋ፣ ለጋብቻ ውሏ ቀን፣ ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። ቆማ ጨርቅ ስትመርጥ ሳልኳት። ስጨርስ በስዕሉ ላይ ቀኝ ትከሻዋ ዝቅ ብሎ አየሁት። እጄን ስለማላምነው ስህተቱ የኔ መሰለኝ። ታብሌቱ ላይ የግራውን ትከሻ ቀድቼ ገለበጥኩና በቀኙ ቦታ አስቀመጥኩት። ልክክ አለ።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ዘይነባ በአንድ እጇ መቀስ፣ በሌላው የታተመውን ስዕል ይዛ ጠራችኝ። «ወንድሜ፣ ይቺ ማን ናት? ሐያትን እኔ ለክቻታለሁ፤ ቀኝ ትከሻዋ በሁለት ጣት ዝቅ ይላል። በዚህ ብቆርጠው ቀሚሱ በኒካዋ ቀን እየተንሸራተተ ያሳፍራታል። ጨርቁ እንደሆነ ሌላ የለንም።» የእርሳሱን ስዕል አውጥቼ ሰጠኋት። አየችውና «ታዲያ ትክክል ስለህ ነበር! ከእጅህ ጋር ተጣልታችኋል እንዴ?» አለችኝ።

ለካ ይህን ስንባባል ሐያት በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ደነገጥኩና «ይቅርታ እህቴ» አልኳት። እሷ ሁለቱን ስዕሎች ጎን ለጎን አስቀምጣ ረጋ ብላ አየቻቸው።

«ኸላስ፣ በቃ፣ በእርሳሱ ቁረጡት» አለች። ከዚያ ስልኳን አወጣችና «ያኛውን ግን ላክልኝ፤ ለአማቴ የማሳየው እሱን ነው» አለችኝ።