ስንዝር ወይስ ሁለት ጣት

ደሴ፣ የመካኒኩ የይርጋ ጋራዥ ግቢ፤ እማማ ጥሩወርቅና እሳቸው ያሳደጉት የልጅ ልጃቸው ልዑልሰገድ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ፊት ቆመዋል፤ ይርጋ መኪናው ምን ያህል ከፍ ይበል የሚለውን ውሳኔያቸውን እየጠበቀ ጥላ ሥር ምሳውን ይበላል።

ጥሩወርቅ፦ ስንዝር? አንድ ስንዝር ሙሉ? መኪና ነው የምትነዳው ወይስ ግመል?

ልዑል፦ ቀስ በይ እምዬ፣ ይርጋ ይሰማሻል።

ጥሩወርቅ፦ ይስማ! እሱም ልጅ እያሳደገ ነው። ይርጋ! ጉርሻህን ዋጥና ንገረው እስቲ፣ መኪና ከፍ ሲል አይገለበጥም?

ልዑል፦ ተይው፣ አፉ ሞልቷል። ከፍ ያለ ሁሉ ቢገለበጥ አውቶቡስ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

ጥሩወርቅ፦ አውቶቡስማ ሲገለበጥ በሬዲዮ እየሰማሁ!

ልዑል፦ እሺ፣ እዚህ ጋ ቁሚና እይው። አፍንጫው ዝቅ፣ ጅራቱ ከፍ። ውኃ የሚጠጣ በሬ አይመስልም? ባለፈው ሕሊናን ወላጆቿ ቤት ሳደርሳት ወንዙ መሻገሪያ ላይ ድንጋዩ ሆዱን ፋቀው። ትንሽ ቢጠነክር የሞተር ዘይቱ ፈስሶ እዚያው ቀርቼ ነበር።

ጥሩወርቅ፦ እመቤቴ ድረሽ! ያኔ ለምን አልነገርከኝም?

ልዑል፦ እንዲህ እንዳትሆኚ ነዋ።

ጥሩወርቅ፦ ምን ሆንኩ? ልቤ ቀጥ አለ እንጂ ምንም አልሆንኩም።

ልዑል፦ እሁድ ሽማግሌዎቹን ጭኜ ሕሊናን ላስጠይቅ ስሄድ፣ ወንዙ መሀል ብቀር ምን ይባላል? አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። «ልጄን ሊወስድ መጥቶ መኪናውን እኔ ልጎትትለት?» ነው የሚሉኝ።

ጥሩወርቅ፦ ታዲያ ከፍ ይበል። ትንሽ። ሰው በሚገባበት ልክ።

ልዑል፦ ትንሽማ ማን ያየዋል! ያንን ነጩን ፒክአፕ እይው፣ ስንዝር ነው የተነሣው። ግርማ አለው እኮ! ባለቤቱ በከተማው ሲያልፍ ሰው ዞሮ ነው የሚያየው።

ጥሩወርቅ፦ እኔ ዞሬ የማየው የሽማግሌዎችህን፣ የሐጂ እንድሪስን ጉልበት ነው። ሰውየው ከመደባቸው ሲወርዱ እንኳ ሁለቴ አርፈው ነው። ጋሽ ማንደፍሮ ደግሞ ወገባቸው። ቄስ መልአኩስ? ከነካባቸው፣ ከነመቋሚያቸው! አንተ ደግሞ ከመኪናው አትወርድም፤ ሊያገባ ያለ ሰው ሽማግሌ በላከበት ደጅ ወዲያ ወዲህ አይልም። ታዲያ ማን ያወርዳቸዋል?

ልዑል፦ ራሳቸው ይወርዳሉዋ።

ጥሩወርቅ፦ ወርደውስ? አረፍ በሉ ይባላሉ? ቆመው ነው ጉዳያቸውን የሚናገሩት! አባትየው ተቀመጡ እስኪል ድረስ ቆመው። ሐጂ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ «ልጅዎን ለልጃችን» ሲሉ፣ ሰውየው ምን ይላል? «እነዚህ ሰዎች ምን ደብቀውኝ ነው የሚንቀጠቀጡት?» አይልም?

ልዑል፦ ኧረ እምዬ! ያን ያህል ከፍታ አይደለም።

ጥሩወርቅ፦ አይደለም? ይርጋ፣ ይሄን ነጩን ክፈትልኝ። ልግባበት።

ልዑል፦ የሰው መኪና ነው!

ጥሩወርቅ፦ ልሰርቀው ነው እንዴ? አየህ፣ ይርጋ ግቢ ብሎኛል። ነጠላዬን ያዝልኝ። እግሬን የት ላድርግ?

ልዑል፦ እዚያ ጋ... አይ፣ ከዚያ ከፍ። እጀታውን ያዢ።

ጥሩወርቅ፦ ግፋኝ እንጂ! ቀስ! ጆንያ ነው እንዴ የምትጭነው?

ልዑል፦ ይኸው ገባሽ።

ጥሩወርቅ፦ ወይ ጉድ! ከዚህማ ጦሳ ተራራ ደረቴ ላይ ነው። የነደብሪቱም ግቢ ይታያል። አጥሩን አሳድሳለሁ ስትል የከረመችው ውሸቷን ነው፤ ይኸው ወድቋል።

ልዑል፦ አየሽ! ወደድሽው።

ጥሩወርቅ፦ ማን ወደደ? ነፋሱ ደስ አለኝ እንጂ። በል አሁን አውርደኝ።

ልዑል፦ ውረጃ።

ጥሩወርቅ፦ በምን? መሬቱ የት ሄደ?

ልዑል፦ እግርሽን ዘርጊ... ሌላኛውን... እሺ ተይው፣ ጀርባዬ ላይ ነይ።

ጥሩወርቅ፦ ይርጋ፣ አትሳቅ! ትን ይልሃል! ልዑሌ፣ አጥብቀህ ያዘኝ፣ እንዳትጥለኝ፣ አንተ ልጅ!

ልዑል፦ ደረስሽ እኮ፣ እግርሽ መሬት ላይ ነው። ዓይንሽን ግለጪ።

ጥሩወርቅ፦ ነጠላዬን። እህ! እሁድ እንዲህ ነው የምታደርገው? ሦስት ሽማግሌ አንድ በአንድ አዝለህ የሰው ደጅ ላይ ልታራግፍ? ካህን ሳይቀር?

ልዑል፦ በርጩማ እጭናለሁ።

ጥሩወርቅ፦ ምን?

ልዑል፦ ከኋላ በርጩማ እጭናለሁ። ሲገቡም ሲወጡም እሱን ይረግጣሉ። አለቀ።

ጥሩወርቅ፦ ጥሩ መላ ነው። በርጩማ። አላሰብኩትም ነበር። በል አስገጥም።

ልዑል፦ ስንዝሩን?

ጥሩወርቅ፦ ስንዝሩን። እነሱ እንደሆኑ ለአንድ ቀን ነው የሚገቡበት።

ልዑል፦ እምዬ።

ጥሩወርቅ፦ ምን?

ልዑል፦ ማነው ከአንድ ቀን በላይ የሚገባበት?

ጥሩወርቅ፦ ማንም። እኔ ሐኪም ጋ በባጃጅ እሄዳለሁ፣ ገበያም በእግሬ። ደግሞ ልጅቷ የምታስተምረው ከወንዙ ማዶ አይደል? እዚያው ነው የምትኖሩት። ሚስት ያገባ ሰው አያቱን ሲያወጣ ሲያወርድ አይውልም። በርጩማውም እናንተ ቤት ነው የሚቀመጠው።

ልዑል፦ ስለ ሐጂ ጉልበት ስታወሪ የነበረው...

ጥሩወርቅ፦ የሐጂም ጉልበት ጉልበት ነው! ግን ልንገርህ፣ እኔ ደጄ ላይ ቆሜ፣ አንተ እላይ ሆነህ፣ በመስኮት ጎንበስ ብለህ «ደህና ነሽ?» ብለኸኝ ስትሄድ ታየኝ። በቃ፣ ታየኝ።

ልዑል፦ ሕሊና ቤት ስታማርጥ የመጨረሻ ጥያቄዋ ምን እንደነበር ታውቂያለሽ? «የእማማ ክፍል ፀሐይ ያገኛል ወይ?» ነው። አከራዩ እናቷ መስለሽው ነበር።

ጥሩወርቅ፦ አሁን የፈጠርከው ነው።

ልዑል፦ እሁድ ማታ ደውለሽ እራሷን ጠይቂያት። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቼ እወስድሻለሁ፤ ወንዙን መሻገር የፈለግኩት ለእሱ ጭምር ነው።

ጥሩወርቅ፦ ፀሐይ አለች? ጎበዝ ልጅ። ቀጭን ናት እንጂ... እናበላታለን።

ልዑል፦ እውነቱን ልንገርሽ? ይርጋ ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ጣት ይበቃሃል እያለኝ ነው። ፊቱ ብቻ ሁለት ጣት ከፍ ይልና ከኋላው ጋር እኩል ይሆናል። ከሆዱ ሥር ወፍራም ላሜራ ይገጠማል፣ ድንጋዩ እሱን ይፋቅ። ስንዝሩ ለአባቷ ዓይን ነበር።

ጥሩወርቅ፦ አባቷ ስንት ዘመን የነዳ ሰው፣ በስንዝር ይታለላል? አቧራህን አጥበህ፣ ጎማህን ነፍተህ፣ ሽማግሌዎቹን ሳታንገጫግጭ አድርስ። እሱን ነው የሚያየው።

ልዑል፦ ሁለት ጣት ከሆነ ትገቢበታለሽ?

ጥሩወርቅ፦ ያለ በርጩማ!

ልዑል፦ ይርጋ! እጅህን ታጠብ፣ ሁለት ጣት ነው! ስንዝሩን ለሌላ ጎረምሳ አስቀምጠው።

ጥሩወርቅ፦ ቆይ፣ ቆይ! በማን ጣት? የይርጋን ጣት አላየኸውም፣ አንዱ ብቻ ሙዝ ያህላል! ና ይርጋ፣ ሜትርህን ተወውና እንካ፣ በእኔ ጣት ለካ!